ከውሻው በፊት ባለቤቱ ይሰልጥን

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ወርቅ የገዛ ቤቱ ውሻ እጁን የነከሰው ልጅ አከምኩ። አባትየው «ዶክተር፣ ኃይለኛ እንዲሆንልኝ እየመታሁ ነው ያሳደግኩት» አለኝ።

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ የውሾች የመሰናክል ውድድር አለ። ውሻው አጥር ይዘላል፣ በቱቦ ይሾልካል። አሰልጣኙ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ባለቤቱን ነው፦ ሲታዘዝ ወዲያው መሸለም፣ ሲሳሳት አለመምታት። የተመታ ውሻ ይፈራል፤ የፈራ ደግሞ ይነክሳል።

እናንተም ቁራሽ እንጀራ ይዛችሁ «ና!» በሉት፤ ሲመጣ ወዲያው ስጡት። ሲበላ ልጆች እንዳይነኩት ንገሯቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በየዓመቱ አስከትቡት።

ከነከሰ? ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የበሽታው ምልክት ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ውሻ ላለው ጎረቤት ሼር አድርጉለት።