ለዲስከስ ዓሣ የሚዘጋጅ ሰፊ ገንዳ

በአማዞን ተፋሰስ ሞቃትና ለስላሳ ውሃ የሚኖረውን ክብና ጠፍጣፋ ዲስከስ በቤቱ ሊያኖር የሚሻ ሰው፣ ከዓሣው አስቀድሞ ስለ ውሃው ሊያስብ ይገባዋል። ዲስከስ በማኅበር የሚኖር ፍጥረት ነውና፣ ስድስቱን በአንድነት ለማኖር ከ300 ሊትር የማያንስ የመስተዋት ገንዳ ያስፈልጋል፤ ውሃው ብቻውን 300 ኪሎ ስለሚመዝን መቆሚያው ጽኑዕ ይሁን። ሙቀቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይጠበቅ፤ የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ ሳይወገድ አይጨመር።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ትዕግሥት ነው፤ ከዓሣው አካል የሚወጣውን መርዘኛ አሞኒያ አስቀድመው ወደ ናይትራይት፣ ኋላም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ረቂቃን ተሕዋስያን፣ ዓሣ ባልገባበት ገንዳ አሞኒያ በጥቂቱ እየተጨመረላቸው በማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ድረስ ብዙ ሳምንታት ያልፋሉና፣ ሁለቱም መርዞች ተመርምረው ዜሮ መሆናቸው ሳይረጋገጥ ዲስከስን ማስገባት፣ በእኔ ፍርድ፣ በፍጥረት ላይ ግፍ መሥራት ነው።