ከጤፍ ፍሬ ያነሰችው ቀበሮ፦ ለሬንጅፋይንደር ካሜራ ሰፊ ሌንስ ስትመርጡ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ሳነቲ አምባ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ጥያቄ "ይሄ ሁሉ እንዴት አድርጎ አንድ ፎቶ ውስጥ ይገባል?" የሚል ነው። የቆማችሁት 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ፊት ለፊታችሁ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ፤ በዙሪያችሁ ሣር፣ ድንጋይና እዚህም እዚያም የቆመ ጅብራ። እኔም ይሄንኑ ጥያቄ ጠይቄ፣ ከጓደኛዬ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተውሼ፣ አጎቴ ካርኮቭ ተምሮ ሲመለስ ይዞት በመጣው ፌድ 5 ካሜራ ላይ ገጠምኩት። የያዝኩት አንድ ጥቅል ፊልም ነበር፤ 36 ፎቶ፣ ከዚያ በላይ የለም።

30 ሜትር ያህል ርቀት ላይ አንዲት ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደባ አገኘሁ። አነሳኋት። ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ ሲመለስ ቀበሮዋ የለችም! በማጉያ መነጽር ኔጋቲቩን ስፈትሽ ቆይቼ ነው ያገኘኋት።

ምን ሆነች? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ነገር ፊልም ላይ የሚኖረው ቁመት ማለት የነገሩ እውነተኛ ቁመት በሌንሱ የትኩረት ርዝመት ተባዝቶ፣ በመካከላችሁ ላለው ርቀት ሲካፈል ነው። የትኩረት ርዝመት የምንለው ሌንሱ ፊት ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈውን ቁጥር ነው። ቀይ ቀበሮ ከመሬት እስከ ትከሻዋ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። 28 ሲባዛ በ0.6፣ ሲካፈል ለ30፣ 0.56 ሚሊ ሜትር። ከጤፍ ፍሬ ታንሳለች ማለት ነው። ተራራውም ቢሆን አልተረፈም። ከሜዳው 300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚታይን ተራራ ከ5 ኪሎ ሜትር ብታነሱት ፊልሙ ላይ 1.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። የፊልሙ ፍሬም ቁመት 24 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረው ሰማይና ሣር ነው።

ፎቶዎቹን ያዩ ጓደኞቼ "ሌንስህ ጠቦብህ ነው፣ ባለ 21 ግዛ" አሉኝ። ያጠራቀምኳት ገንዘብ የምትበቃው ለአንድ ሌንስ ብቻ ስለነበረ ከመግዛቴ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዝኩ። በ21 ሚሊ ሜትር ቀበሮዋ 0.42፣ ተራራው 1.3 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ምክሩ ነገሩን ጭራሽ ሊያብሰው ነበር። ሰፊ ሌንስ ብዙ ነገር ያስገባል፤ ግን ያስገባውን ሁሉ ያሳንሰዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "ምን ያህል ይሰፋል?" ሳይሆን "ምን ያህል ቀርቤ ነው የምቆመው?" የሚለው ነው። ጅብራው 1 ሜትር ላይ ቢሆን ፍሬሙን ይሞላዋል፣ ተራራው ደግሞ ከኋላው ትንሽ ሆኖ ርቀቱን ይናገራል። ሰፊ ሌንስ የቅርቡንና የሩቁን አንድ ላይ ለማሰር ነው እንጂ ሩቅ ያለውን ለመሰብሰብ አይደለም።

እዚህ ላይ የካሜራው ዓይነት ይመጣል። ሬንጅፋይንደር ካሜራ ላይ የምታዩት በሌንሱ ውስጥ አይደለም፤ ከሌንሱ በላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መስኮቶች አንዱን ነገር ከሁለት ቦታ ያያሉ፤ ቀለበቱን ስታዞሩ ሁለቱ ምስሎች ይገጥማሉ፣ ያኔ ርቀቱ ተለካ ማለት ነው። አውራ ጣታችሁን ዘርግታችሁ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ ጣታችሁ ሲዘል ታያላችሁ አይደል? መርሁ ያው ነው። (ፌድ ራሱ ታሪክ አለው። ካርኮቭ ውስጥ ጎዳና ላይ የቀሩ ልጆች ይኖሩበት የነበረ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጀርመኑን ላይካ እየቀዳ መሥራት የጀመረው ካሜራ ነው።)

የዚህ አሠራር አንዱ ችግር ብዙ መጠጋት አለመቻሉ ነው። አብዛኞቹ የሬንጅፋይንደር ሌንሶች ከ70 ሴንቲ ሜትር፣ የድሮዎቹ ደግሞ ከ1 ሜትር በታች አይለኩም። ስለዚህ "ቅርብ" ስንል 1 ሜትር እንበል። ከ1 ሜትር እስከ ተራራው ድረስ ሁሉም ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚያደርገው የትኛው ሌንስ ነው? የብርሃን ቀዳዳውን 16 ቁጥር ላይ አጥብባችሁ ርቀቱን በትክክል ብታስተካክሉ፣ ባለ 50 ሌንስ ከ2.6 ሜትር ጀምሮ ነው ጥርት አድርጎ የሚያሳየው። ባለ 35 ከ1.3 ሜትር። ባለ 28 ግን ከ80 ሴንቲ ሜትር። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ቁጥር ነው። 35 እና 28 በስም ተቀራራቢ ናቸው፤ ጅብራው አጠገብ ስትቆሙ ግን አንዱ ይበቃል፣ አንዱ አይበቃም። ባለ 21 ደግሞ 8 ቁጥር ላይ እንኳን ከ90 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ጥርት ያደርጋል። ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ግን ሌላ ዋጋ ያስከፍላል።

የመጀመሪያው ዋጋ መስኮቷ ናት። የፌድ 5 መስኮት የምታሳየው ባለ 50 ሌንስ የሚያየውን ያህል ነው። 28 ገጥማችሁ በእሷ ብታዩ ግማሹን ፎቶ ሳታዩ ነው የምታነሱት። ከላይ የሚሰካ ተጨማሪ ማያ መግዛት ግድ ነው፣ እሱም ገንዘብ ነው። ላይካ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው ኤም 4 ፒ ጀምሮ የ28 ምልክት መስኮቱ ውስጥ አለ፤ መነጽር ለምታደርጉ ግን ጠርዙ ድረስ ማየት ይከብዳል። ለ21 አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ማያ ያስፈልጋል። ደግሞ ማያው ከሌንሱ በላይ ስለሚቀመጥ ቅርብ ያለን ነገር ስታነሱ አናቱ ይቆረጣል። 1 ሜትር ላይ ላለ ጅብራ ካሜራውን ትንሽ ቀና ማድረግ ልመዱ። ትንሽ ብቻ፣ ምክንያቱም ሰፊ ሌንስ ብዙ ቀና ካለ ሮቤ ከተማ ዳር ያሉት ባሕር ዛፎች ሁሉ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ።

ሁለተኛው ዋጋ ጥጎቹ ላይ ነው፣ ይሄ ለእኔ የነገሩ ጣፋጭ ክፍል ነው። በሌንሱ በኩል የሚያሳዩ ባለመስታወት ካሜራዎች ውስጥ፣ መስታወቱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ሌንሱ ከፊልሙ ይርቃል። ኒኮን ላይ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ባለ 21 ሌንስ ለመሥራት ብርሃኑን በተወሳሰበ መንገድ ወደ ኋላ መግፋት ያስፈልጋል፤ መስተዋቶቹ ይበዛሉ፣ ሌንሱ ይከብዳል። የድሮዎቹ ባለጥርስ ሬንጅፋይንደሮች ግን መስታወት ስለሌላቸው ርቀቱ 28.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሌንሱ ጀርባም ወደ ፊልሙ ገባ ማለት ይችላል። ሉድቪግ በርተለ ለካርል ሳይስ የነደፈውና በ1950ዎቹ የወጣው ባለ 21 ባይጎን በዚህ ዕድል ነው ትንሽም፣ ቀጥ ያለ መስመር የማያጎብጥም ሆኖ የተሠራው።

ትርፉ ያ ነው፤ ኪሳራው ደግሞ ብርሃኑ ጥጎቹ ላይ በጣም ተጋድሞ ማረፉ ነው። በንድፈ ሐሳብ ጥግ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ከመሃሉ ጋር ሲነጻጸር በባለ 35 ሌንስ 52 በመቶ፣ በባለ 28 39 በመቶ፣ በባለ 21 ደግሞ 24 በመቶ ነው። ቤት ውስጥ ላይታወቃችሁ ይችላል። የሳነቲ ሰማይ ግን አንድ ወጥ ሰማያዊ ስለሆነ ጥጉ ሲጠቁር ወዲያው ያጋልጣል። ፊልም ይሄን ይችለዋል። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ግን ተጋድሞ የሚመጣ ብርሃን አይወድም፤ ጥጎቹ ከመጥቆራቸው ሌላ ወደ ሐምራዊ ይሄዳሉ። የድሮ ሌንስ በአስማሚ ዲጂታል ላይ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ሁለት ጊዜ አስቡ። በተለይ ጁፒተር 12 የሚባለው የሶቭየት ባለ 35 ሌንስ ጀርባው ረጅም ስለሆነ አንዳንድ ካሜራ ውስጥ የሆነ ነገር ሊነካ ይችላል።

ጁፒተር 12ን ግን አታጣጥሉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን ውስጥ ከተነደፈው ባለ 35 ባይጎን የተቀዳ ነው፣ ፌድና ዞርኪ ላይ ይገጥማል፣ ከሌሎቹም ይረክሳል። ፎቶ የምታነሱት በአብዛኛው ሰው ከሆነ፣ ጎባ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ወይም ገበያ ላይ፣ እኔ ብሆን 28ን ትቼ እሱን ነው የምወስደው። ሰው ፊት 1 ሜትር ላይ ካሜራ መደገን ነውር ነው፣ 2 ሜትር ላይ ግን ባለ 35 ሌንስ 2 ሜትር ስፋት ያስገባል። ቀመሩ እነሆ፦ 36ን ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉት፣ በርቀቱ አባዙት።

ሶፍ ዑመር ዋሻ ልትሄዱ ካሰባችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የወይብ ወንዝ በቦረቦረው ጨለማ ውስጥ ቀዳዳውን 16 ላይ ማጥበብ ስለማይቻል ርቀቱን በትክክል መለካት አለባችሁ። በባለመስታወት ካሜራ በሰፊ ሌንስ ጨለማ ውስጥ ጥራቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። የሬንጅፋይንደር ልኬት ግን በሌንሱ ስፋት አይደክምም፤ ምሰሶው ጠርዝ ላይ ትንሽ የባትሪ ብርሃን ካረፈ ሁለቱ ምስሎች ይገጥማሉ።

ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ሙከራ አድርጉ። ከካርቶን ላይ 14.4 በ9.6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ቁረጡ። ካርቶኑ ላይ ክር እሰሩና 8.4፣ 11.2፣ 14 እና 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቋጠሮ አድርጉበት። አንዱን ዓይን ጨፍናችሁ፣ ቋጠሮውን ጉንጫችሁ ላይ ከዓይናችሁ ሥር ይዛችሁ፣ ክሩን ወጥራችሁ በቀዳዳው እዩ። የምታዩት በቅደም ተከተል ባለ 21፣ 28፣ 35 እና 50 ሌንሶች የሚያዩትን ነው፤ ሁሉም ነገር ከፊልሙ አራት እጥፍ ሆኖ ነው የተሠራው። ይዛችሁት አንድ ሳምንት ዙሩና የትኛው ቋጠሮ ላይ እንደምትቆዩ ተመልከቱ። እኔ 11.2 ላይ ነበር የምቆየው፣ ጅብራም አጥርም ሳይ።

ባለ 28 ገዛሁ። ያገለገለ ነው፣ ባለጥርስ። ባለጥርስ ሌንስ በቀለበት አማካይነት አዳዲሶቹ ላይካዎች ላይም ይገጥማል፤ የእነሱ ሌንስ ግን ፌድ ላይ አይገጥምም፣ ስለዚህ አንድ ቀን ካሜራ ብቀይር ሌንሱ አብሮኝ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጉዞ ቀዳዳውን 16፣ ርቀቱን 1.6 ሜትር ላይ አድርጌ ጅብራው ሥር ተንበረከክሁ። ቀበሮዋም መጣች፣ ያው እንደለመደችው 30 ሜትር ላይ። በዓለም ያሉት ትልልቅ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዮቹ ያሉት ባሌ ነው። ለፎቶ ብሎ እሷን ማባረር አይገባም። ካሜራውን አውርጄ በዓይኔ ብቻ አየኋት።