መንገድ ዳር ፎ ብንበላ ያመናል? የአንድ ሳህን ሾርባ ሳይንስ

ለእረፍት ቬትናም፣ ሃኖይ ከተማ ሄዳችኋል እንበል። ጠዋት ነው። ከሆቴላችሁ ወጥታችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ከአንድ ሱቅ የማትሰፋ ምግብ ቤት ታያላችሁ። ደጃፏ ላይ በርሜል የሚያክል ድስት ይጨሳል። ከጉልበት ዝቅ ባሉ የፕላስቲክ በርጩማዎች ላይ ሰው ተጨናንቆ ተቀምጧል። የምግብ ዝርዝር ብሎ ነገር የለም፤ የሚሸጠው አንድ ምግብ ነው፦ ፎ። ሽታው ይጠራችኋል፤ ውስጣችሁ ግን «ብታመምስ?» ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምት፣ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በተበከለ ምግብ ይታመማሉ፤ 420,000 ያህሉ ይሞታሉ። ለመንገደኛ ደግሞ ሁለት ቀን የሆድ ሕመም ማለት አጭር እረፍቱ በመጸዳጃ ቤት አለቀ ማለት ነው። ታዲያ መልሱ «መንገድ ዳር ከሆነ አትብሉ» ነው? አይደለም። የቤቱ ማርጀት ወይም የወንበሩ ማጠር ስለ ባክቴሪያ የሚነግራችሁ ነገር ብዙም የለም። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከፊታችሁ ከቀረበው ነገር እሳት ያገኘው የትኛው ነው? ያላገኘውስ?

በነገራችን ላይ «ፎ» የምንለው አጠራሩን በደንብ ስለማንችለው ነው። ቬትናምኛ የድምፅ ቅላጼ የቃል ትርጉም የሚቀይርበት ቋንቋ ነው። ይሄኛው ቃል ወደ «ፈ» ተጠግቶ፣ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። ብትሳሳቱም ግድ የለም፤ ድስቱ ፊት የቆመ ሰው ምን ፈልጎ እንደመጣ ባለቤቷ ታውቃለች። ምግቡ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ፈረንሳይ አገሩን በምትገዛበት ዘመን፣ በሰሜን ቬትናም የተስፋፋ ነው፤ የአጥንት መረቅ፣ ጠፍጣፋ የሩዝ ኑድል፣ በስሱ የተቆረጠ ሥጋና ከላይ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል። የበሬው «ፎ ቦ»፣ የዶሮው «ፎ ጋ» ይባላል።

እስኪ ወደ ድስቱ እንጠጋ። የበሬው አጥንት መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ይፈላና ያ ውኃ ይደፋል፤ አጥንቱም ይታጠባል። ይሄ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ደምና ሥጋ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ሙቀት ሲያገኙ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ይረጉና ግራጫ አረፋ ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ ካልተገፈፉ መረቁን ያደፈርሱታል። ከዚያ በኋላ አጥንቱ በአዲስ ውኃ፣ በዝግተኛ እሳት፣ ለብዙ ሰዓታት ይቀቀላል። ጅማትና አጥንትን አጥብቆ የያዘው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን በዚህ ጊዜ ቀስ በቀስ ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። መረቁን ስትቀምሱት ከንፈራችሁ ትንሽ የሚጣበቀው በእሱ ነው። ማታ ያደረ ቅቅል ጠዋት ሲቀዘቅዝ እንደ ጄሊ የሚረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እሳቱ ለምን ይዘገያል? ድስቱ በኃይል ሲንተከተክ ስቡ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይሰባበራል፤ ጄላቲኑ ደግሞ ጠብታዎቹን ከቦ ተመልሰው እንዳይገናኙ ይይዛቸዋል። መረቁ እንደ ወተት ይነጣል። ጃፓኖች «ቶንኮትሱ» የሚሉትን የአሳማ አጥንት ሾርባ ሆን ብለው እንዲህ ያነጡታል። የፎ ባለሙያ ግን የድስቷን ወለል የሚያሳይ ጥርት ያለ መረቅ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ ትታገሣለች።

ቅመሞቹ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ቀረፋና ቅርንፉድ አለ፤ እሳት ላይ የተጠበሰ ዝንጅብልና ሽንኩርት አለ፤ የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ትልቅ ጥቁር ሄል አለ። ስታር አኒስ የሚባለው ባለ ኮከብ ቅርጽ ቅመም ደግሞ ሽታው «የት ነው የማውቀው?» ያሰኛችኋል። እንስላል ውስጥ ነው የምታውቁት። በሁለቱም ውስጥ አኔቶል የሚባል አንድ ዓይነት ሞለኪውል አለ፤ ዕፅዋቱ ግን ዝምድና የላቸውም።

ከዚያ የዓሣ ፈሳሹ ይመጣል፤ ስሙ «ኑክ ማም» ነው። ትናንሽ ዓሣዎች ከጨው ጋር በርሜል ውስጥ ተከተው አንድ ዓመት ያህል ሲቆዩ ፕሮቲናቸው ይፈራርስና ግሉታሜት ይወጣል። ጃፓናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ግሉታሜትን ከባሕር አረም ለይቶ አውጥቶ፣ ጣዕሙን «ኡማሚ» ብሎ ሰየመው፤ ከጣፋጭ፣ ከመራራ፣ ከጎምዛዛና ከጨዋማ የተለየ፣ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ሺንታሮ ኮዳማ የተባለ ተማሪው ኢኖሲኔት የሚባል ሌላ የኡማሚ ምንጭ አገኘ፤ ይሄኛው በሥጋና በደረቀ ዓሣ ውስጥ የሚገኝ ነው። የሚገርመው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ ጣዕሙ ከድምራቸው በብዙ እጥፍ ይጎላል። የበሬው መረቅ ኢኖሲኔቱን፣ ኑክ ማሙ ግሉታሜቱን ያዋጣሉ። ርካሽ የሆነ አንድ ሳህን ሾርባ ያን ያህል የሚጥመው ለዚህ ነው። (ለጾመኞች፦ ሥጋውን አስቀርታችሁ ብታዙም መረቁ የአጥንት፣ ማጣፈጫውም የዓሣ ነው። «ቻይ» የሚል የተጻፈበት ቤት ፈልጉ፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ ምግብ ማለት ነው።)

አሁን ወደ ስጋታችን። ሃኖይ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማትል ውኃ እዚያ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ያው አጥንት አዲስ አበባ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ባክቴሪያን ለመግደል ግን ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ እንዲደርስ፣ ከበሰለ በኋላ ደግሞ እስኪበላ ከ60 ዲግሪ በላይ እንዲቆይ ይመክራል። ሳልሞኔላም ሆነ መንገደኛን አዘውትሮ የሚያሳምመው ኢ. ኮላይ ሲፈላ የዋለ መረቅ ውስጥ ዕድል የላቸውም። በተቃራኒው የትልቅ ሆቴል ቡፌ ላይ ለብ ብሎ ሁለት ሦስት ሰዓት የተቀመጠ ሩዝና ሥጋ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ስለተነጠፈለት ብቻ ደኅና አይሆንም። እኔ ብጠየቅ የሚጨሰውን ድስት እመርጣለሁ።

መፍላት ግን ሁሉን አይፈታም። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ሩዝን ይወዳል። ሲከፋው ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ይገባል፤ ስፖሩ ደግሞ የፈላ ውኃ ችሎ ይተርፋል። የበሰለው ሩዝ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ሲቀመጥ ከቅርፊቱ ወጥቶ ይራባል፤ ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ የሚያስመልስ መርዝ ይሠራሉ። ይሄ መርዝ እኮ መልሳችሁ ብታፈሉትም አይጠፋም። ስለዚህ ኑድሉ መሞቁ ብቻ አይበቃም፤ መቼ ተሠራ የሚለው ወሳኝ ነው።

የፎ ኑድል አሠራር እንጀራ ጋገራን ያስታውሳል። ሩዝ ተዘፍዝፎ ይፈጫል፤ ቀጭኑ ሊጥ እንፋሎት ላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ በስሱ ይዘረጋል፤ ሲበስል ተነሥቶ በረጅሙ ይቆረጣል። አይቦካም፣ ዓይንም የለውም። እንደ ጤፍ ሁሉ ግሉተን ስለሌለው ቅርጹን የሚይዝለት ስታርቹ ነው። ያደረ እንጀራ የሚደርቀው የስታርቹ ሞለኪውሎች ተመልሰው ስለሚሰለፉ ነው፤ ትኩስ የሩዝ ኑድልም ሲያድር እንዲሁ ይጠነክርና ይሰባበራል። ስለዚህ ትኩስ ኑድል የሚሸጥ ቤት በየቀኑ አዲስ ያስመጣል። ወረፋ ያለበትን ቤት ምረጡ የሚባለው ምክርም ሳይንሳዊ መሠረት አለው፤ ገበያተኛ በበዛ ቁጥር ኑድሉ ተቀምጦ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል።

ሥጋውን በሁለት መንገድ ማዘዝ ትችላላችሁ። «ቺን» ቀድሞ የበሰለው ነው። «ታይ» ደግሞ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ሳህኑ ውስጥ ተቀምጦ የፈላው መረቅ ሲፈስበት የሚበስል ነው። ክትፎ ለለመደ ሰው ታይ ያጓጓል፤ የኮሶ ትል ግን እዚህም እዚያም ያው ነው። ቁራጮቹ ተለያይተው ከተበተኑ ሙቀቱ በሰከንዶች ያገኛቸዋል፤ ተደራርበው ከተጣበቁ መሐላቸው ቀይ ሆኖ ይቀራል። መሐሉ ቀይ የሆነውን ተዉት፤ ወይም ከመጀመሪያው ቺን በሉ።

የቀረው እሳት ያላየው ነው። በረዶ አንዱ ነው፤ ብርድ ባክቴሪያን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ሎሚም ቢሆን ጣዕም ይጨምራል እንጂ መድኃኒት አይደለም። ተመጋቢው የመብያ እንጨቱን በሶፍት ሲወለውል ታያላችሁ፤ ቢያንስ የታጠበበትን ውኃ ያደርቃል፣ እናንተም አድርጉት። የራሳችሁን እጅ መታጠብ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ሆ ቺ ሚን ከተማ ከወረዳችሁ ከፎው ጋር አንድ ሳህን ጥሬ ቅጠልና የማሾ በቆልት ይቀርብላችኋል። በቆልቱን ተጠንቀቁት። እህሉ እንዲበቅል የሚያስፈልገው ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ኢ. ኮላይ የያዘ የአብሽ በቆልት ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ያውም የምግብ ቁጥጥሯ ጠንካራ በሆነ አገር። ደግነቱ እዚያው መፍትሔ አለ፤ በቆልቱ እንዲነከርላችሁ በምልክት ጠይቁ፣ ባለቤቷ ወንፊቷ ውስጥ አድርጋ ኑድሉ በሚነከርበት የፈላ ውኃ ታበስልላችኋለች።