አቅኚ አባት

የመንዝ ክፍሎች በሆኑት በማማ፣ በላሎም ሆነ በጌራ ምድር፣ ከ1967 ዓ.ም. በፊት አንድ ገበሬ የሚያርሰው መሬት ርስቱ መሆኑን የሚያስረዳው ወረቀት በመዘርጋት ሳይሆን፣ ከአባቱ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ቅድመ አያቱ፣ ከዚያም ወደ ምንዥላቱ እየተሻገረ፣ ምድሩን አስቀድሞ ከያዘው ከአቅኚ አባት ዘንድ እስኪደርስ ትውልድ በመቁጠር ነበር። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን ልደት ሲጽፍ ከአብርሃም ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ የመንዝ ባለ ርስት ግን ከራሱ ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣ ነበር፤ የሚወጣውም በአባቱ ብቻ ሳይሆን በእናቱና በሴት አያቶቹ በኩል ጭምር ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከብዙ አቅኚ አባቶች ተወልዶ በብዙ ስፍራ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። በሙግት ጊዜ አንዲት ሴት አያት ከተዘለለች ሐረጉ ተበጠሰ ማለት ነበርና፣ ሽማግሌዎች የሴቶቹን ስም እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል።

የዚህ ቆጠራ ኃይል ከሁሉ ይልቅ የታየው በመንዝ ባለው በጓሳ ነው። መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ይህን የሣር ምድር፣ አስቦና ጌራ የተባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች ፈረስ አስጋልበው እንደ ተከፋፈሉት በአገሩ ይተረካል። ቄሮ በተባለው ሥርዓት ምድሩ ለዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ለቤት ክዳንና ለግጦሽ ሲከፈት፣ ማጭዱን ይዞ የሚገባው ከሁለቱ በአንዱ ትውልዱን ማስቆጠር የቻለ ብቻ ነበር። ሣሩና በውስጡ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ እስከ ዛሬ የቆዩት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በአብዛኛው በዚህ ቆጠራ ምክንያት ነው።

በባሕር ማዶ ያለው የትውልድ ፍለጋ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ ባመጣው ራብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አይርላንዳውያን ከአገራቸው ሲሰደዱ፣ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ የአባቶቻቸውን ስም የሚፈልጉት በመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝርና በደብር የጥምቀት መዝገብ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1922 በእርስ በርሱ ጦርነት የደብሊን ቤተ መዛግብት ሲቃጠል፣ ከራቡ በፊትና በራቡ ማግሥት የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች አብዛኛው መዝገብ አመድ ሆነ። ወረቀትም እንደ ሰው ይሞታል።

በቃል የተያዘውን የመንዝ መዝገብ ግን እሳት አላገኘውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር፣ መሬት ላልነበረው ጭሰኛ ፍትሕን አመጣ፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ቄሮም በዚያው አበቃ። ይሁን እንጂ መሬት በትውልድ መጠየቁ ሲቀር፣ ትውልድን በቃል የመያዝ ግዴታም አብሮ ቀረ። ከሰባት ቤት በታች ጋብቻ አይፈቀድምና እስከ ሰባት የሚቆጥር አሁንም አይጠፋም፤ ከዚያ በላይ ወዳለው ወደ አቅኚው የሚያደርሰው መንገድ ግን በጥቂት አረጋውያን አፍ ብቻ ቀርቷል።

ስለዚህ ከአዲስ አበባም ሆነ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አገሩ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ የመንዝ ልጅ፣ አስቀድሞ የአያቱን እናት ስምና የተወለደችበትን ደብር ጠይቆ ይያዝ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጭ ካሉ በኋላ «የማን ወገን ነህ፣ ልጄ?» ይሉታል፤ እርሱም የዚያችን ሴት ስም ሲጠራ፣ ቆጠራው ከእርሷ ይጀምራል።