የበረኛ ቁጥርና የተከላካዮች ድርሻ

በእግር ኳስ ዘንድ በረኛ ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በገባበት ጐል ብዛት ነው። ይህ ሚዛን ግን የአንዱን ሰው ሥራ ከዐሥር ጓደኞቹ ሥራ ስለማይለይ ፍርዱ የተዛባ ይሆናል። በጣና ዳር ከደንገል ጥግ የቆመ ታንኳ ማዕበል አልገለበጠውም ተብሎ አይመሰገንም።

መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በባሕር ዳር ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፈ። በስድስተኛው ቀን ግን አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 ተሸነፈ። በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ውስጥ የአገሪቱ በረኝነት ወደቀ ለማለት አይቻልም፤ የተለወጠው በበሩ ፊት የነበረው ጨዋታ ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ሁለት በረኞች በችሎታ እኩል ናቸው እንበል፤ ሁለቱም ወደ በራቸው ከሚመታው 10 ኳስ 7ቱን ያድናሉ። በ10 ጨዋታ በአንደኛው ላይ 20፥ በሁለተኛው ላይ 60 ኳስ ቢመታ፥ የመጀመሪያው 6፥ ሁለተኛው 18 ጐል ይገባበታል። ልዩነቱን ያመጡት ተከላካዮቹ ናቸው።

«እንግዲያስ የዳነውን ኳስ ከተመታው ጋር እናነጻጽር» የሚል ይኖራል። በበረዶ ላይ ሆኪ የሚሠራበት ይኸው ነው፤ ይሁን እንጂ ይህም ፍጹም አይደለም። ጠንካራ ተከላካይ የምቱን ቁጥር ከመቀነስ ሌላ አጥቂውን ወደ ጠርዝ ገፍቶ ከሩቅ ያስመታዋል፤ እንዲህ ያለውን ምት ማዳን ቀላል ነው። ብራያን ኤሊየት የተባለው የሆኪ በረኛ በ2003 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለሁለት ቡድኖች ተጫውቶ ያዳነው ከ1000 ምት 893 ያህል ነበር። በ2004 ዓ.ም. መከላከሉ ጠንካራ ወደ ነበረው ወደ ሴንት ሉዊስ ሲዛወር ወደ 940 ከፍ አለ። በዚያው ቡድን የቆየው ባልደረባው ያሮስላቭ ሃላክም ከ910 ወደ 926 ደረሰ። የሁለቱ በአንድ ዓመት አብሮ መሻሻል የቡድኑን ድርሻ ያመለክታል።

በአንጻሩ ተከላካዮቹን በድምፅ የሚመራና አስቀድሞ የሚያዝ በረኛ ከምቱ ማነስ የራሱ ድርሻ እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ በረኛ የሚመርጥ ሰው እያንዳንዱ ምት ከየት እንደመጣና አጥቂው ነፃ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ሊመዘግብ ይገባል። ለዚህ እርሳስና ደብተር ይበቃል። ይህ ካልተደረገ 18 የገባበት ጐበዝ ከቡድን ይወጣል፤ 6 የገባበትም ተከላካዮቹ በተዳከሙ ቀን ባልሠራው ጥፋት ይወቀሳል።