ትናንሽ ልጆችን የከተማችንን ምግብ ስለ ማስተዋወቅ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ንግግር በዕረፍት ቀን ትናንሽ ልጆችን ይዞ በመውጣት የከተማችንን ልዩ ልዩ ምግብ ስለ ማሳየትና ስለ ማቅመስ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ የልጁ ጤናና የአፉ ልማድ፣ አገሩንም ማወቁ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ በቁም ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ዓርብ በመሥሪያ ቤቱ ይውላል፤ ከልጁ ጋር በሰፊው የሚገናኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። በዚያን ጊዜ ልጁን ለማስደሰት ይዞት ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚገዛለት ብስኩት፣ ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ነው። ይህ ከፍቅር የተነሣ የሚደረግ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ልጁ ከአባቱ ጋር መውጣት ማለት ጣፋጭ መብላት ማለት ነው ብሎ ይማራል፤ ይህንንም ትምህርት በኋላ ማስጣል አስቸጋሪ ነው።

ልጅ በተለይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜው የማያውቀውን ምግብ መፍራቱና እምቢ ማለቱ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። አዋቂዎች ይህን ሲያዩ «ልጄ ይህን አይወድም» ብለው ይፈርዱና ሁለተኛ አያቀርቡለትም። የሥነ ምግብ ሊቃውንት ያደረጉት ምርመራ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ጊዜ ያህል መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እምቢታ የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይገባም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ጉዳዩ የምርጫና የቅንጦት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት 100 ልጆች 37ቱ ያህል ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት አጥረው ተገኝተዋል። የዚህም ምክንያት የምግብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የምግቡ ዓይነት አንድ ወጥ መሆንና በንጽሕና ጉድለት የሚመጣ በሽታም ይጨመሩበታል። መንግሥትም ይህን ጉዳት ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን ዕቅድ አውጥቷል። እንግዲህ ልጅን ብዙ ዓይነት ምግብ ማልመድ ከታላቁ ሥራ በየቤታችን የሚደርሰን ድርሻ ነው።

ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለምሳሌ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የዓለም ባንክን ሠፈር እንውሰድ። በዚያ የሚኖር አባት ቅዳሜ ጧት ልጁን በእጁ ይዞ ቢወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉልት ነው። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ቃሪያው በመደብ በመደብ ተከምሮ ይታያል። ልጁ ባለ ጉልቷን ሰላም ብሎ «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ አንዱን መደብ ራሱ ይምረጥ፤ ይዞትም ወደ ቤት ይግባ። ልጅ ራሱ የመረጠውንና የተሸከመውን ነገር ምሳ ላይ ሲያየው ለመቅመስ ይበልጥ ይደፍራል።

ሁለተኛው ማረፊያ ወፍጮ ቤት ነው። የከተማ ልጅ እንጀራን በየቀኑ ይበላል፤ ጤፍን ግን ላያውቅ ይችላል። እዚያ ነጩን፣ ሠርገኛውንና ቀዩን ጤፍ በመዳፉ ይዞ ይመልከት፤ ይህች ከጣቶቹ መካከል የምትሾልክ ደቃቅ ፍሬ ዱቄት ስትሆን ይይ። ወደ ቤት ሲመለስ እናቱ ሊጡን በእርሾ ስታቦካ ያሳዩት፤ ሊጡ ጥቂት ቀን ሲቆይ በውስጡ አየር እንደሚፈጠር፣ በምጣድም ላይ የእንጀራው ዓይን የሚባለው የዚያ አየር መውጫ እንደሆነ ይንገሩት። ገብስም እንዲሁ ነው፤ ተቆልቶ ቆሎ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ እንደሚሆን ቢያይ፣ አንዱ እህል በሰው ጥበብ ስንት መልክ እንደሚይዝ ይረዳል።

ሦስተኛው ምግብ ቤት ነው። ለትንሽ ልጅ ከሁሉ የሚሻለው የጾም በያይነቱ ይመስለኛል። በአንድ ትሪ ላይ ሽሮው፣ ምስሩ፣ የአተር ክክ አልጫው፣ ጎመኑ፣ ድንቹና ቀይ ሥሩ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ልጁ ያለ ብዙ ወጪ ስድስት ዓይነት ምግብ በአንድ ጊዜ ያያል። መጀመሪያ በእርድ ከተሠራው አልጫ ይጀምር፤ በርበሬ ያለበትን በሌላ ቀን በእንጀራ ጫፍ ይንካ። አባትም በምላሱ ከመስበክ ይልቅ ፊት ለፊቱ በደስታ ይብላ። ማስገደድ፣ መቆጣት፣ ወይም «ይህን ከጨረስህ ከረሜላ እገዛልሃለሁ» ማለት ምግቡን ቅጣት፣ ከረሜላውን ሽልማት ያደርገዋል።

በአርአያ መማር ለልጅ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲከፈት በገንዘብ ምግብ መብላት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። እንደሚነገረው ንጉሠ ነገሥቱ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው በመክፈል ልማዱን አሳይተዋል። ትላልቆቹ እንዲህ ከተማሩ፣ የአራት ዓመት ልጅ ከአባቱ እጅ ቢማር ምን ያስደንቃል?

ከዚህ ቀጥሎ ከቤቱ የምግብ ልማድ ወጣ ማለት ይገባል። ከዓለም ባንክ ብዙም ከማይርቀው ከዓየር ጤና አልፎ የሚሄደው የጅማ መንገድ በወልቂጤ በኩል የእንሰትን አገር ያቋርጣል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በእንሰት ይኖራል። ልጁ በአንድ የጉራጌ ምግብ ቤት ገብቶ ቆጮን ቢያይና የቡላ ገንፎ ቢቀምስ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል የሚማረው ጓደኛው በቤቱ የሚበላውን ያውቃል። የማያውቁትን ምግብ «እህ!» ብሎ መናቅ ባለቤቱንም ወደ መናቅ ያደርሳል፤ ቀምሶ «ይህ የእነ እገሌ አገር ምግብ ነው» ማለት ግን የመከባበር መጀመሪያ ነው። በአዲስ አበባ የአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ ተሰባስቦ ስለሚኖር ይህን ትምህርት እንደ እርሷ በቅርብ የሚሰጥ ከተማ የለም።

ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው መርካቶን ማየት ይችላል። በጣልያን ወረራ ዘመን የከተማው ዋና ገበያ ከአራዳ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ ሁሉም ዕቃ በየተራው ይሸጣል፤ ቅቤው በቅቤ ተራ፣ እህሉ በእህል በረንዳ ይገኛል። ነገር ግን ስፍራው በሰውና በተሸካሚ የተጨናነቀ ስለሆነ በማለዳ መሄድ፣ ከሁለት ተራ በላይ አለመዞር፣ የልጁንም እጅ ፈጽሞ አለመልቀቅ ያስፈልጋል። የወላጁን ስልክ ቁጥር ጽፎ በኪሱ ማስቀመጥም ብልህነት ነው።

አሁን ስለ ጥንቃቄ በአጭሩ ልናገር፤ ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ ጉብኝት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣልና።

አንደኛ፣ ከመብላት በፊት የልጁ እጅ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚበላው ምግብ ከእሳት የወረደ ትኩስ፣ ወይም ወላጁ በእጁ የሚልጠው እንደ ሙዝና ብርቱካን ያለ ፍሬ ይሁን፤ ያልበሰለ ሰላጣና በምን ውኃ እንደ ተሠራ የማይታወቅ ጭማቂ ይቅር። ሦስተኛ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ክትፎና ያልተፈላ ወተት ለልጅ አይሰጥ፤ ክትፎ ከተፈለገ ልብልብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ይታዘዝ። አራተኛ፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥ፤ ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ገብሱን በበሶ መልክ መስጠት ይሻላል። አምስተኛ፣ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይቅመስ፤ ከባድ መመረዝ ሊያስከትልበት ይችላል። ስድስተኛ፣ አንድ ምግብ ካሁን ቀደም ልጁን ያሳከከው ወይም ያሳበጠው እንደሆነ፣ ያን ምግብ ያለ ሐኪም ምክር ደግሞ ማቅመስ አይገባም።

ጊዜውንም መመጠን ያሻል። ለትንሽ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው፤ በአንድ ቀንም አንድ አዲስ ምግብ ይበቃዋል። የተራበና የደከመ ልጅ አዲስ ነገር አይማርም። እንደ ወራቱም መምረጥ መልካም ነው፤ በክረምት ማብቂያ በየመንገዱ የሚጠበሰውን የበቆሎ እሸት፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ የባቄላውን እሸት ቢያሳዩት፣ ልጁ ዝናብና እርሻ ከማዕዱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ያስተውላል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ በልማዳችን የልጅ ምግብ የእናት ሥራ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን አባት በሳምንት አንድ ጧት ልጁን ይዞ ቢወጣ እናት ታርፋለች፤ ልጁም የአባቱን ጊዜ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለብስኩትና ለለስላሳ መጠጥ ከሚወጣው እምብዛም አይበልጥም። በሚመጣው ቅዳሜ ከቤታችሁ ደጅ ካለው ጉልት ጀምሩ። ልጁ እምቢ ቢል አትዘኑ፤ በሌላው ቅዳሜ ደግማችሁ አቅርቡለት።