በአንድ ቋጠሮ የሚሠራ የ1970ዎቹ ቀበቶ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተነሡ ፎቶግራፎችን ስታዩ፣ በአፍሮ ጠጉሩና በቤልቦተም ሱሪው መካከል አንድ የገመድ ቀበቶ ዓይናችሁ ገብቶ ያውቃል? ዳሌ ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰርና ጫፉ ወደ ጭን ይንዠረገጋል። ማክራሜ ይባላል፤ መርፌም ኪሮሽም ሳይፈልግ በጣት ብቻ የሚሠራ የቋጠሮ ጥበብ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ የቸኮልኩት ቀበቶው በሙሉ የቆመው በአንድ ቋጠሮ ላይ ስለሆነ ነው። እሷን የቻለ ሰው ሌላው ሁሉ ትዕግሥት ብቻ ይሆንለታል።

ስለ ጥበቡ መነሻ በብዛት የሚነገረው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበሩ ዐረብ ሸማኔዎች ነው። ጨርቁ ተሸምኖ ሲያልቅ የሚተርፈውን ክር እየቋጠሩ ጌጠኛ ዘርፍ ያደርጉት ነበር። ጋቢ ሲቋጭ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛ እናቶች ክሩን እያሹ ይገምዱታል፣ እነዚያ ደግሞ ቋጠሩት። ጥበቡ በስፔን በኩል አውሮፓ ገባ። መርከበኞችም በረጅሙ የባሕር ጉዞ ላይ ቀበቶ እየቋጠሩ በየወደቡ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 እንግሊዝ አገር ራሱን የቻለ የማክራሜ መጽሐፍ ታትሟል። ከዚያ ተረስቶ ቆየና የ1970ዎቹ ሂፒዎች አነሡት፤ በእጅ የተሠራ ነገር ይወዱ ስለነበር።

አሁን ወደ ሥራው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጥጥ ገመድ ግዙ። ሲባጎም ይሆናል፤ ግን ይኮሰኩሳል፣ ስለዚህ እኔ ጥጡን እመርጣለሁ። ርዝመቱ ላይ አትሰስቱ፤ ቋጠሮ ገመድ ይበላል። የዳሌያችሁ ዙሪያ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚቋጠረው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ እያንዳንዳቸው 7 ሜትር ከ20 የሆኑ አራት ገመዶች ያስፈልጋሉ፤ በጠቅላላው 30 ሜትር ከገዛችሁ ይበቃል።

አንድ የቁልፍ መያዣ ቀለበት የበር እጀታ ላይ እሰሩ። እያንዳንዱን ገመድ እኩል እጠፉና እጥፋቱን በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉት፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በእጥፋቱ ቀዳዳ አውጥታችሁ ሳቡ። አራቱም ሲታሰሩ ስምንት ገመድ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ።

ቋጠሮዋ እነሆ። ከግራ ጀምራችሁ አራት ገመድ ለዩ። መካከለኞቹ ሁለቱ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ የሚሠሩት የዳርና የዳሩ ናቸው። የግራውን ዳር በመካከለኞቹ ላይ አሳልፋችሁ ከቀኙ ዳር ሥር አድርጉት። የቀኙን ዳር ደግሞ ከመካከለኞቹ በስተኋላ ወስዳችሁ፣ በግራ በኩል በተፈጠረው ቀዳዳ ወደ ፊት አውጡት። ሁለቱን እኩል ሳቡ። ይህ ግማሹ ነው። ቀሪው ግማሽ ያው ሥራ ከቀኝ ሲጀመር ነው። እጃችሁ እስኪለምድ «ግራ፣ ቀኝ» እያላችሁ ሥሩ። ሁልጊዜ ከግራ ብቻ ከጀመራችሁ ቀበቶው እየተጠማዘዘ ይሄዳል! ይህንን ሆን ብለው የሚሠሩት አሉ፤ በጣም ያምራል፣ ግን ወገብ ላይ ተዘርግቶ አይተኛም።

ቀሪዎቹን አራት ገመዶችም እንዲሁ ቋጥሩ። በሁለተኛው ረድፍ ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ገመድ ትታችሁ የመሐሉን አራት ብቻ ቋጥሩ። በሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። በረድፎቹ መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ስትተዉ ያ የምታውቁት የመረብ ቅርጽ ይወጣል። ጥራቱን የሚወስነው አሳሳባችሁ ነው፤ አንዱ ጠብቆ ሌላው ከላላ ጠርዙ ይወላገዳል።

ዶቃ ማስገባት የምትፈልጉ ከመሐል ቋጠሮ በኋላ አራተኛውንና አምስተኛውን ገመድ አንድ ላይ አሾልኩበት፤ የሚቀጥለው ረድፍ ቆልፎ ይይዘዋል። የገመዱን ጫፍ በፕላስተር ብትጠቀልሉት ቶሎ ይገባል። የእንጨት ዶቃ ካጣችሁ ቀጭን ሸንበቆ በትንሽ መጋዝ እየቆራረጣችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። እንዲያውም እኔ ከተገዛው ዶቃ ይልቅ ይህን እወደዋለሁ፤ ቀለሙ ከገመዱ ጋር ይስማማል። የዘመኑን ቡናማ ቀለም ከፈለጋችሁ ደግሞ ገመዱን ከመቋጠራችሁ በፊት ጠቆር ባለ ሻይ ውስጥ አሳድሩት።

80 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ስምንቱን ገመድ ባንድነት አጥብቃችሁ ቋጥሩና የተረፈውን ዘርፍ አድርጋችሁ ተዉት። ሲታሰር ዘርፉ በቀለበቱ ውስጥ ያልፍና ጎን ላይ ይቋጠራል። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠቡትና አግድም አስተኝታችሁ አድርቁት፤ ተሰቅሎ ከደረቀ በውሃው ክብደት ይረዝማል።